የሚኪ ጣት አራት ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፣ አንዳንዴማ ሱቅ ውስጥ ስኳር ተጠቅልሎበት ነው የማገኘው (አትቀየሙኝ፣ እውነቱ ይሄ ነው)፣ ስለዚህ መልሴ ዘገየ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ስለ ልጆችና ስለ ድሮ ካርቱኖች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ አንዴ ደሞ ቡና ላይ ጮክ ብዬ ለቤተሰቡ። ጸሐፊው የተማረሩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ሁሉ በፈረንጅ አይጥ ተሞላ፣ ሁለተኛ እነዚህ ካርቱኖች ልጆቻችንን ዱላ ያስተምራሉ። በመሀል ደሞ እንደቀላል ነገር ጣል አድርገው ቶም ኤንድ ጄሪንም ሚኪ ማውስንም ፖፓይንም አንድ ላይ ጠቅልለው የዲዝኒ ስራ ናቸው ብለው አልፈዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ጣል የተደረገው ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገርና ልገላገል። ያን ግድግዳ በአይጥ ከሞሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስራዬ ማስታወቂያ መጻፍና ግድግዳ መሳል ነው፣ ለስጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር ቤት ቆንጆ ሴት፣ ለባጃጅ ጀርባ ጥቅስ፣ አሁን አሁን ግን ሁሉም ባነር ስለሚያሳትም ገበያው ቀዝቅዟል የቀረልኝ መዋዕለ ሕፃናት ነው ማለት ይቻላል። ከማርቆስ እስከ ብቸና፣ ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም ግድግዳ ላይ ቆመው ከሚስቁት ሚኪዎችና ዶናልድ ዳኮች የኔ እጅ ያለባቸውን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ስለዚህ ጸሐፊው ሳያውቁኝ የነኩት እኔን ነው፣ ቂም ግን የለኝም፣ እንዲያውም ግማሹን ሀሳባቸውን እጋራለሁ፣ እሱን እመጣበታለሁ።

ቶም ኤንድ ጄሪ የዲዝኒ አይደለም። የፈጠሩት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ኤም ጂ ኤም ተቀጥረው፣ ያ አንበሳ እያገሳ ፊልም የሚከፍተው ድርጅት። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ1940 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ወደኛ ስመልስ እንዳልሳሳት) ያኔ ድመቱ ቶም እንኳ አልነበረም ስሙ፣ ጃስፐር ነበር የሚባለው። የዲዝኒዎቹ ሚኪ፣ ዶናልድ፣ ጉፊና ፕሉቶ ናቸው። ጥንቸሉ በግስ ባኒ፣ ዳፊ ዳክ፣ ያ እንደ ጥይት የሚሮጠው ወፍና ከኋላው የሚያሳድደው ተኩላ ነገር የዋርነር ብራዘርስ ናቸው። ፖፓይ መጀመሪያ የጋዜጣ ስዕል ነበር፣ በ1929 ሲጋር የሚባል ሰው ጋዜጣ ላይ የሳለው፣ ወደ ፊልም ያመጡት ደሞ በ1933 የፍላይሸር ወንድማማቾች ናቸው፣ ቤቲ ቡፕም የነሱ ናት። ሁሉንም ዲዝኒ ማለት ጎጃም ውስጥ የተዘረፈውን ቅኔ ሁሉ አንድ የኔታ ተቀኘው እንደማለት ነው። የዋሸራ ቤት አለ የጎንጅ ቤት አለ፣ ጆሮ ያለው ሰው ገና ሲሰማ ይለየዋል። እኔም የዋርነርን መስመርና የዲዝኒን መስመር በብሩሽ ስሄድበት እለየዋለሁ፣ የዲዝኒው ክብ ክብ ነው ብርቱካን በብርቱካን ላይ፣ የዋርነሩ ሾል ያለ ነው፣ ቅንድቡ ብቻውን ይሳደባል።

ሙግት ወድጄ አይደለም። አንዱ የለፋበትን ሌላ ሰው ስም ላይ መለጠፍ ካርቱኖቹ ሲወለዱም አብሯቸው የተወለደ በሽታ ስለሆነ ነው። ሃና እና ባርቤራ እስከ 1958 ድረስ 114 የቶም ኤንድ ጄሪ ፊልም ሰርተዋል፣ 7ቱ ኦስካር አግኝተዋል። ታዲያ ኦስካሩን መድረክ ላይ ወጥቶ ማን ተቀበለው? ፍሬድ ኪምቢ የሚባል ፕሮዲውሰር። ሳቂታ እንኳ ሰው አልነበረም ይባላል። ሁለቱ ልጆች (ያኔ ልጆች ነበሩ) ወደ መድረኩ አልተጋበዙም። ቶም ጅራቱ በር ሲይዘው የሚያሰማትን ያቺን ጩኸት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ያ ጩኸት የራሱ የሃና ድምፅ ነው፣ ሰውየው ራሱ ነው የሚጮኸው። ሽልማቱ ሲሰጥ ግን አፉን ይዞ ቁጭ።

የሚኪም ነገር እንደዛው ነው። ሚኪን ወረቀት ላይ ያወጣው አብ አይዋርክስ የሚባል ሰዓሊ ነው፣ የዋልት ዲዝኒ ጓደኛ፣ በቀን እስከ 700 ስዕል ይስል ነበር ይባላል (እኔ በሁለት ቀን አንድ ሚኪ ስዬ ወገቤን ቆረጠኝ እላለሁ)። በ1928 ሚኪ መርከብ ላይ እያፏጨ ለሕዝብ ሲታይ የአብ ስም ፊልሙ ፊት ላይ ተጽፎ ነበር። እስኪ ዛሬ መንገድ ላይ አስር ሰው አስቁማችሁ ጠይቁ። ዋልት የሚኪ ድምፅ ነበር ለረጅም ዓመት፣ ጉልበቱም ሀሳቡም ትልቅ ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን እጁ የአብ ነው። በ1941 የዲዝኒ ሰዓሊዎች በመቶዎች ሆነው ስራ አቁመው በሩ ላይ ሰልፍ ወጡ፣ ደሞዝ፣ ማህበር፣ ስማችን ፊልሙ ላይ ይጻፍ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ከተባረሩት አንዱ አርት ባቢት ነው፣ ጉፊን ጉፊ ያደረገው ሰው፣ ያን እግሩ ከራሱ ጋር ያልተነጋገረ የሚመስል አረማመድ የሰጠው።

ሜል ብላንክ ግን ብልጥ ነበር። የበግስ ባኒም የዳፊም የፖርኪ አሳማም ድምፅ እሱ ነው፣ አንድ ሰው! ደሞዝ ጨምሩልኝ ብሎ ጠየቀ፣ እምቢ አሉት፣ እንግዲያውስ ስሜን ፊልሙ ላይ ጻፉልኝ አለ። ይሄ ምንም ስለማያስወጣቸው ጻፉለት። ከዛ ወዲያ ስራ በስራ ሆነ፣ ሬዲዮው ጠራው ሁሉም ጠራው። በ1961 መኪና ገጭቶት ራሱን ስቶ ሲከርም ሀኪሙ ስሙን እየጠራ ቢያናግረው ዝም፣ አንድ ቀን ደርሶ በግስ ባኒ እንዴት ነህ ቢለው በጥንቸሉ ድምፅ መለሰለት ይባላል። ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት አላመነችም፣ ትንሽ ቆይታ ግን እኔስ ራሴን ስቼ ብተኛ ወጡ እያረረ ነው ቢሉኝ ተነስቼ እቀመጣለሁ አለች።

አሁን ወደ ጣቱ ልምጣ። እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፣ የት/ቤቱን ስም አልጠራም። ግድግዳው ሰፊ ነው፣ ጀሶው ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ በሲባጎና በጠመኔ ካሬ ካሬ አድርጌ ከፈልኩት፣ ከዛ ከትንሿ ስዕል እየቆጠርኩ ወደ ትልቁ አመጣሁት፣ ሚኪ አንድ እጁን ዘርግቶ ና የሚል፣ ከአጠገቡ ከ1 እስከ 5 ቁጥር። ነጩን ጓንት ጨርሼ ብሩሹን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) እያጠብኩ ሳለ አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ መጥታ ቆመች፣ ጣቷን እየዘረጋች ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች፣ ከዛ ጋሼ አንዱን ጣቱን ማን ቆረጠው አለችኝ።

ልጆች ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ማንም አልቆረጠውም፣ ድሮም አራት ነው አልኳት፣ የሰሩት ሰዎች በጣም ብዙ ስዕል ስለሚስሉ አንድ ጣት ሲቀንሱ ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል። ጓንቱስ አለችኝ። ጓንቱ ደሞ የመጣው በ1929 ነው፣ ያኔ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ጥቁር እጅ ጥቁር ሆድ ላይ ሲያርፍ አይታይም፣ ነጭ ጓንት ሲያጠልቁለት ታየ። ልጅቷ ገባት፣ እኔ ምስክር ነኝ ገብቷት ሄደች። ያልገባቸው ርዕሰ መምህሯ ናቸው። መጡና እኛ እዚህ እስከ አምስት መቁጠር እያስተማርን አንተ አራት ጣት ትስላለህ? ጨምርበት አሉኝ። ብዬ ብዬ አስረዳሁ፣ አብ አይዋርክስን ሳይቀር አነሳሁ፣ ወይ ፍንክች። ጣቱ ካልተጨመረ ቀሪው ገንዘብ የለም። ጨመርኩ። ሦስት ወፋፍራም ጣትና አንድ አውራ ጣት ተብሎ ተለክቶ በተሰራ ጓንት ላይ አምስተኛ ጣት ስትሰኩበት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ያልታለበች ላም ጡት ነው የሚመስለው። ቀሪውን ገንዘብም እስከ ዛሬ ግማሹን ነው ያገኘሁት፣ በዛ ላይ ትምህርት ሲከፈት ምርቃት ላይ አመሰገኑ፣ ስሚንቶ ያቀረበውን አመሰገኑ፣ አጥሩን ያጠረውን አመሰገኑ፣ የሳለውን ግን አንድም ሰው አላነሳውም። እኔ ከወላጆች መሀል ቆሜ አጨበጨብኩ። ያን ቀን ነው የሃና እና የባርቤራ ነገር የገባኝ።

ድካም ስል በአፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል፣ ካርቱን ላይ ብዙ ጊዜ አንዱን ስዕል ሁለት ሁለቴ ስለሚያነሱት በሰከንድ 12 ስዕል ያስፈልጋል በሉ። አንድ የቶም ኤንድ ጄሪ ፊልም ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። አባዙት፣ ከ5000 ስዕል በላይ ነው፣ ለሰባት ደቂቃ፣ ልጄ ቁርሱን ሳይጨርስ ለሚያልቅ ነገር። ያም በእርሳስ ብቻ ነው። ከዛ ያ በእርሳስ የተሳለው ሁሉ በሚያሳይ ፕላስቲክ ላይ በቀለም ይገለበጣል፣ ይሄን የሚሰሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፣ መስመሩን ከፊት ለፊት ያስኬዱና ገልብጠው ቀለሙን ከጀርባ ይቀቡታል። ለምን ከጀርባ? ከፊት ሲታይ መስመሩ ጥርት ብሎ እንዲወጣ፣ ብሩሹ የሄደበትም እንዳይታይ። እኔ ይሄን ከዩቲዩብ ሳይ ተነስቼ ቆምኩ። መስታወት ላይ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚሰራው ይሄንኑ ነው እኮ፣ ፊደሉን ገልብጠን ከውስጥ ነው የምንቀባው። እነዛ ሴቶች ስማቸው ፊልም ላይ አልተጻፈም፣ አንዳንዴ ፕላስቲኩም ውድ ስለሆነ ፊልሙ ከተነሳ በኋላ ይታጠብና ሌላ ስዕል ይሳልበታል። ታጠበ ማለት ጠፋ ማለት ነው። ያቺ ከሰዓት በኋላዋን ሙሉ የጄሪን ጆሮ ስትቀባ የዋለች ሴት ስራዋ በባልዲ ውሃ ሄደ።

ፖፓይን አስመልክቶ ብዙ የምለው የለኝም፣ ስፒናች የሚባል ጎመን መሳይ ቅጠል በልቶ የሚጎለብት መርከበኛ ነው፣ እናቴ ጎመን በጤና የምትለውን ፈረንጆቹ በካርቱን አሉት፣ በቃ። ቴክሳስ ውስጥ ክሪስታል ሲቲ የሚባል ስፒናች የሚያመርት ከተማ በ1937 ሐውልት አቁሞለታል፣ እኛ ጋ ለጎመን ሐውልት ማቆም ቀርቶ ማዳበሪያውንም በሰልፍ ነው።

የዱላው ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ቶምን መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። ባለቤቱ አያ እንትና (ነፍሱን ይማረው) ሰው እስኪሞላ ድረስ የቶም ኤንድ ጄሪ ካሴት ይከት ነበር፣ ዋናው ፊልም ካራቴ ወይ ሕንድ ነው፣ እኛ ልጆቹ ግን ለዛች ለመጠባበቂያዋ ነበር የምንከፍለው፣ ዋናው ሲጀምር የምንወጣም ነበርን። ጄኔሬተሩ ከውጪ ይንኳኳል፣ የበግ ቆዳ ላይ ነው የምንቀመጠው፣ አንድ ቃል እንግሊዝኛ የምናውቅ አልነበርንም፣ ግን ከፈረንጅ ልጅ እኩል ነው የምንስቀው። ለምን ብዬ ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እነሱ አያወሩም! ሙዚቃው ነው የሚያወራው፣ ስኮት ብራድሊ የሚባል ሰው ነው ሙዚቃውን የሚጽፈው፣ አይጧ በጣቷ ስትሄድ አብሮ በጣቱ ይሄዳል፣ ድመቱ ደረጃ ላይ ሲንከባለል ሙዚቃውም አብሮ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በግስ ባኒ ግን አፉ ነው ስራው፣ በነገር ነው የሚገድለው፣ ለዛ ነው እኛ ጋ ቶምን የማያውቅ ሰው የሌለውና ጥንቸሉን ግን ስስል ይሄ ምን አይነት አህያ ነው የሚሉኝ።

ያ ሯጩን ወፍ የሚያሳድደው ተኩላም ብዙ አያወራም። ኮዮቴ ይሉታል፣ በ1949 ቸክ ጆንስ ነው ያወጣው። ከደጀን ወርዶ አባይ በረሃን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ያን ካርቱን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፣ ሹፌሩ ጠምዛዛው ላይ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሲያወራ ሆድህ ውስጥ የሚሰማህ ነገር ነው እኮ። ኮዮቴው ገደሉን አልፎ አየር ላይ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ምንም አይሆንም፣ ወደታች ባየ ጊዜ ነው የሚወድቀው፣ ከታች ትንሽዬ አቧራ ቡን ትላለች። አንድ ቀን ልጆቼ ይሄን ሲያዩ ጎረቤታችን የኔታ ቡና ሊጠጡ መጥተው አብረው አዩ። ዝም ብለው ቆዩና ጴጥሮስም ውሃው ላይ የሄደው ነፋሱን እስኪያይ ነው አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኔ ከዛ በኋላ ያን ተኩላ ሳየው እሳቸው ናቸው የሚመጡብኝ።

እና ዱላ አስተማረን ወይ? እኛ ዱላ የተማርነው ከቶም አይደለም፣ ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ዱላን ከካርቱን የሚማር ሰው ካለ እሱ ራሱ ካርቱን ነው። ቶም በመጥበሻ ሲመታ ፊቱ መጥበሻ ይሆናል፣ ከዛ ይነሳል፣ ልጅ ይሄ ውሸት እንደሆነ ያውቃል፣ ለዛ ነው የሚስቀው። ይልቅ ጸሐፊው ሊወቅሱት ሲገባ ያለፉት ነገር አለ። ቶም ቤት ውስጥ ያለችው ሰራተኛ ትዝ ትላችኋለች? ፊቷ አይታይም፣ እግሯና ካልሲዋ ብቻ፣ መጥረጊያ ይዛ። ጥቁር ናት። ድምፅዋን ትሰጥ የነበረችው ሊሊያን ራንዶልፍ የምትባል ጥቁር ተዋናይ ናት፣ አነጋገሯን ሆን ብለው መሳቂያ አድርገውት ነበር፣ አሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ተቃውመውት በኋላ ላይ ለቴሌቪዥን ሲሆን ድምፅዋን ቀየሩት፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ነጭ አድርገው ሳሉባት። ፈንጂ ፊቱ ላይ ሲፈነዳበት ቶም በጥቁር ሕዝብ መልክ እየተቀለደ የሚወጣበትም አለ። ዋርነሮች ደሞ የባሱባቸው 11 ፊልሞች ነበሯቸው፣ ከ1968 ጀምሮ ከቴሌቪዥን ተነስተዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ይሄን ሁሉ አላየሁትም፣ ቋንቋውን ስለማላውቅ እንደ አንዲት ቁጡ እናት ነበር የማያት። አሁን ግን ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ አባባ ለምን ፊቷን አያሳዩዋትም ሲለኝ የምመልሰው ቸገረኝ። ነገርኩት፣ እንዳለ ነገርኩት። ዱላውን ትታችሁ ይሄን ብትጽፉ አብሬያችሁ ነኝ።

ሌላው ልጆች ጅል አይደሉም። ኤም ጂ ኤም በ1957 የድሮዎቹን መልሶ ማሳየት አዲስ ከመስራት እኩል ያተርፋል ብሎ የካርቱን ክፍሉን ዘጋው፣ በስልክ ነው አሉ የተነገራቸው፣ ሃያ ዓመት የለፋ ሰው በስልክ! ከዛ በ1961 እና 62 ፕራግ ውስጥ ጂን ዳይች የሚባል ሰው 13 የቶም ኤንድ ጄሪ ሰርቷል፣ በትንሽ ገንዘብ። ያቺ አይነቷ ስትመጣ ልጄ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይሄ የውሸት ቶም ነው ብሎ ይነሳል። ማንም አልነገረውም። ሃና እና ባርቤራ ራሳቸው ቴሌቪዥን ገብተው ርካሽ መስራት ተማሩ፣ ዮጊ የሚባለው ድብ ለምን ክራቫት እንዳሰረ ታውቃላችሁ? አንገቱ ላይ መስመር እንዲኖር ነው፣ ሰውነቱን አንዴ ስለው አቁመውት ጭንቅላቱን ብቻ ለማንቀሳቀስ። እኔ ይሄን ሳውቅ አልናቅኳቸውም፣ ደሃ ሰዓሊ እንዲህ ነው ብልሃት የሚፈጥረው ብዬ ባርኔጣዬን አነሳሁ።

አሁን የተስማማሁበት ጋ ደረስኩ። የኛ ተረት እያለ የሰው አይጥ ለምን፣ ይሉናል ጸሐፊው። ልክ ናቸው። በቅኔ አገር ተወልጄ፣ ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው በሚያፍርበት አገር፣ የሰው ስዕል ስገለብጥ መኖሬ እኔንም ያሳፍረኛል። ግን ሞክሬዋለሁ። ለአንድ ት/ቤት ሚኪውን ትቼ አያቴ የምትነግረንን ጦጣና ጅብ ልሳልላችሁ አልኩ፣ እሺ አሉ። ሚኪ ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ። ጦጣዋ ዘጠኝ ቀን ፈጀች። ለምን? ሚኪን ሌላ ሰው ጨርሶልኛል። እነ ዲዝኒ አንድ ገጸ ባህሪ ከመሳሉ በፊት ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ስንት እጅ እንደሆነ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ያወጡታል፣ ሞዴል ሺት ይሉታል፣ መቶ ሰው ቢስለው አንድ እንዲሆን። የኔ ጦጣ ወረቀት የላትም። ከጎን ስትሆን አፍንጫዋ የት ይግባ፣ ጅቡ ሲሸወድ ጆሮው ይውደቅ ወይስ ይቁም፣ ጅራቷን የት ላድርሰው፣ ይሄን ሁሉ ማታ ማታ በልጆቼ ደብተር ጀርባ ላይ ስፈልግ ነበር። ዘጠነኛው ቀን ላይ ጦጣዋ ወጣች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጅቡን በጎን የምታይ፣ እኔ እንኳ ሳያት ነገር ያላት ትመስለኛለች። ሂሳብ ላይ ግን የሚኪውን ዋጋ ነው የከፈሉኝ። ስዕል ስዕል ነው አሉኝ፣ በዛ ላይ ወላጅ ሚኪ ሲያይ ነው ልጁን የሚያስመዘግበው አሉኝ። ታዲያ እኔ የሰባቱን ቀን ዳቦ ከየት ላምጣ? በሚቀጥለው ት/ቤት ሚኪ ሳልኩ።

ስለዚህ ጸሐፊው ግድግዳውን ሳይሆን ሂሳቡን ነው ማየት ያለባቸው እላለሁ። የሚኪ ፈጣሪዎች መቶ ሰው ቀጥረው ደሞዝ እየከፈሉ ነው ያን መስመር ያገኙት፣ እሱም ተጣልተው፣ ሰልፍ ወጥተው። የኛ ጦጣ በነፃ ትምጣ ማለት አይሆንም። አንዳንዱ ደሞ ዲዝኒ አይከስህም ወይ ይለኛል፣ አሜሪካ ውስጥ የ1928ቱ ሚኪ ከ2024 ጀምሮ የማንም ሆኗል አሉ፣ የ1928ቱ ግን ጓንት የለውም፣ ጓንት ከሌለው ደሞ የኛ ወላጆች ሚኪ ነው ብለው አይቀበሉኝም።

በመጨረሻ እናንተንም አንድ ነገር ልበላችሁ። ጽሁፉ አጠገብ የአይጥ ስዕል አውጥታችኋል፣ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ፣ በደንብ የተሳለ ነው፣ መስመሩ ላይ የሚያመነታ እጅ አይደለም፣ ጅራቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሳበው። የጸሐፊው ስም በደማቁ አለ። የሳለው ማን ነው? ገጹን አዟዟርኩት፣ ታች አየሁ፣ ጎን አየሁ፣ የለም። ልጄን በአጉሊ መነጽር ፈልግ አልኩት፣ እሱም አጣው። በሚቀጥለው እትም ስሙን አውጡልኝ፣ አንድ መስመር ናት፣ ገንዘብ አታስወጣም፣ ለሜል ብላንክም የጻፉለት ስለማታስወጣ ነው።

እንዳልረሳው፣ ባለፈው ክረምት ማግስት በዛ ባለ ጣቱ ት/ቤት በኩል ሳልፍ በአጥሩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። አራቱን ጣት የቀባሁት በደህና ዘይት ቀለም ነበር። አምስተኛዋን ግን ተናድጄ በተረፈች ቀለም ላይ አኳራጅ ጨማምሬበት ነው የሳልኳት። ዝናቡ እሷን ብቻ ለይቶ አጥቧታል።

ከሰላምታ ጋር፣
ማስታወቂያ ጸሐፊው፣ ደብረ ማርቆስ